ክር የታሰረበት ፕሪም

ስለ ፕሪም ዛፍ ከተነሳ ዝላትካ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ታድርግ፤ ያምርባታል። ከትሮያን ከተማ በላይ ባለው መንደር፣ በየካቲት ብርድ መሰላል ተሸክማ ከጓሮ ጓሮ የምትዞር፣ ከቅርንጫፍ ጫፍ የተንጠለጠለውን የአባጨጓሬ ጎጆ በመቀስ ቆርጣ የምታቃጥል እሷ ናት።

በዚያ ዓመት ግን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለውን አሮጌ ፕሪም እንዳትነካ ከለከሏት። ምክንያቱ ክር ነው። መንደርተኛው መጋቢት ሲገባ እጁ ላይ የሚያስረውን ቀይና ነጭ ክር፣ አበባ ሲፈነዳ ፈትቶ እዚያ ዛፍ ላይ ያስረዋል፤ ለጤና። ጎጆዎቹ ደግሞ የአምናው ክር የበዛበት ቅርንጫፍ ላይ ነበሩ።

"የልጅ ልጄ ክር እዚያ ነው። ከሆስፒታል የወጣችው አምና ነው" አለች ጎረቤቷ ራይና። "እሱን ከምትቆርጪ እኔን ቁረጪኝ።"

"አንቺንማ መጋዝም አይበግርሽም" አለች ዝላትካ። "አባጨጓሬዎቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠሉን ግጠው ጨርሰውታል። ዘንድሮ ከደገሙት ይደርቃል። ያኔ ክርሽን የመብራት እንጨት ላይ ታስሪያለሽ?"

ራይና ፊቷን አዞረች።

እምቡጡ ሲፈነዳ አባጨጓሬዎቹ ነቁ። ዝላትካም አንድ ማለዳ፣ ቅዝቃዜው አደንዝዟቸው ጎጆ ውስጥ ተጠቅልለው ሳሉ፣ ሰባ ዓመቷን ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣች። መቀሷን ቤት ትታ የሳሙና ውሃ የሞላ ባልዲ ብቻ ይዛለች። ድሩ ከክሩ ጋር ተጠላልፎ ስለነበር ጓንቷን አወለቀች። በባዶ ጣቷ ድሩን ከክሩ እየለየች ጎጆውን ሁሉ ባልዲው ውስጥ ነከረችው። ራይና መጥታ መሰላሉን ያዘችላት። አንድም ክር ሳይፈታ ሥራው አለቀ። የአባጨጓሬው ጸጉር ግን የዝላትካን ክንድ እስከ ክርኗ አሳበጠው።

በማግስቱ እጇን ሳትሸፍን ሱቅ ገባች።

"ኧረ ሐኪም ጋ ሂጂ" አሏት።

"ይታይልኝ" አለች። "በሠርግ ቀለበቴም እንዲህ አልኮራሁ።"

ነሐሴ ላይ ፍሬው ቅርንጫፉን አጎበጠው።

በተከታዩ የካቲት ራይና የልጅ ልጇን እጅ ይዛ የዝላትካን በር አንኳኳች።

"ነይ ዛፋችንን እይልን። አንቺ ሳታይው ዘንድሮ ማንም ክር አያስርም።"

"መቀስ ልያዝ?" አለች ዝላትካ።

ራይና ልጅቷን አየት አደረገቻት።

"ያዢ" አለች። "የእሷ ክር ያለበትን ቅርንጫፍም ቢሆን፣ አንቺ ካልሽ ቁረጪው።"