የአባቴ ዱዓ የሚቆምበት ቦታ

ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ስክሪን ተሰቅሎ የቀረ ዘመድ በቪዲዮ ሲናገር ማየት አልወድም። የቀረ ሰው ቀርቷል፤ ግድግዳ ላይ ማግዘፉ አያመጣውም። ይህን ለእህቴ በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ።

«አንተ የማትቃወመው ነገር ካለ እሱን ንገረኝ። የአባዬን ዱዓ ግን ቀርጸህ ትልካለህ!»

ድሬዳዋ ልታገባ ነበር። አባታችን ጉልበቱ ያን ሁሉ መንገድ አይችልም ተብሎ ጅማ እንዲቀር ተወስኗል። ዕድሜውን ሙሉ ከሰቃ ወረዳ ገበሬዎች ቡና እየገዛ ሲነግድ ኖሯል፤ ሰፈራችን ሄርማታ የሚያውቀው ግን በዱዓው ነው። ኒካህም ይሁን ሐዘን፣ የተጣላ ጎረቤትም ይታረቅ፣ መዝጊያው እሱ ነው። በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ሲጨርስ መቼ እንደተሻገረ ማንም አያስተውልም።

ሳሎን አስቀመጥኩት። ስልኬን በመጻሕፍት ክምር ላይ አቁሜ መቅጃውን ከፈትኩና፣ ደጅ የቆመው ባጃጅ ሙዚቃውን እንዲቀንስ ልለምን ወጣሁ። ስመለስ ጨርሶ በእጆቹ ፊቱን እያበሰ ነበር።

ኮምፒውተሬ ላይ በቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ከፍቼ ሳጫውተው ምስሉ ይንተባተባል፤ ድምፁም ከከንፈሩ ይቀድማል። ኢንተርኔት ላይ ምክር ፈለግሁ። የመጀመሪያው ምክር ሁልጊዜ የተሻለ ኮምፒውተር ግዛ ነው፤ ድህነትን እንደ ቴክኒክ ብልሽት የሚያይ ሕዝብ ነው። ሌሎቹን ሞከርኩ። የተከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋሁ። የማሳያውን ጥራት ወደ ሩብ ብቀንሰው አባቴ ነጭ ቆብና ግራጫ ጭጋግ ሆነ። ሶፍትዌሩ ያጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል አጠፋሁ። በመጨረሻ ችግሩ ከስልኩ መሆኑን አነበብኩ፤ ስልክ ምስሎቹን እኩል በሆነ ፍጥነት አይቀርጽም፣ ማቀናበሪያው ደግሞ እኩል ካልሆነ ይደናበራል። ፋይሉን ወደ እኩል ፍጥነት ቀየርኩት። ድምፅና ከንፈር ገጠሙ።

ደስታዬ አልቆየም። «ቤታችሁን…» ብሎ ቀጥ አለ። እንደገና ቀየርኩት፤ እዚያው ቦታ ቆመ። ሰርዤ መልሼ አስገባሁት፤ እዚያው። አይቻቸው የማላውቃቸውን መሐንዲሶች ስረግም ዓይኔ ከአባቴ ጀርባ ካለው መጋረጃ ላይ አረፈ። መጋረጃው በነፋስ ይወዛወዛል። ከውጭም ባለባጃጁን ስለምን የራሴ ድምፅ ይሰማል። ቪዲዮው አልቆመም፤ የቆመው አባቴ ነው።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ሜ፣ እስቲ መልሰህ አጫውተው» አለችኝ።

አጫወትኩት። «ቤታችሁን…» ሲል ቆመ። «አሚን» አለች ቀስ ብላ። «…በልጅ ይሙላው» አለ አባቴ። እንደገና ቆመ። «አሚን፣ ያ ረቢ አሚን!» ቀጠለ። በእሷ አሚን ታጅቦ ሲሰማ ምንም አልጎደለውም። ቤታችን ዱዓ በተደረገ ቁጥር ከጓዳ ሆና ከሁሉ ቀድማ፣ ከሁሉ ጮክ ብላ አሚን የምትለው እሷ ናት። እኔ የሃይማኖተኝነት ብዛት ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ አብዝታዋለች እል ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? አብሬው አይደል የምኖረው?»

«እና ሐኪም…»

«ከሰርጉ በኋላ። አሁን ከሰማች ሁሉን ጥላ ነው የምትመጣው፤ እህትህን ታውቃታለህ።»

ዝምታዎቹን ልቆርጣቸው ሞከርኩ። በየቁራጩ መጋጠሚያ የአባቴ ጭንቅላት ከቀኝ ወደ ግራ ይዘላል።

«ኧረ በአላህ! ሰውየውን ኮረንቲ የያዘው አስመሰልከው» አለች እናቴ። «ተወው። የድሬ ሰው አሚን ማለት ያቅተዋል?»

የመጨረሻው ዝምታ ግን አሚን የሚሞላው አልነበረም። «አንቺም ልጄ…» ካለ በኋላ ከካሜራው ጎን የሆነ ነገር ሲፈልግ ቆየ፤ ሲያጣው እጆቹን ፊቱ ላይ አበሰ። ቢያንስ እሱን እንቁረጠው አልኩ። «ፊቱን ካበሰ ጨርሷል» አለችኝ። ሳይቆረጥ ላክሁት።

በሰርጉ ማግስት አንድ ዘመድ የአዳራሹን ቪዲዮ ላከልን። አባቴ በቆመ ቁጥር አዳራሹ በአሚን ይናወጣል። በመጨረሻው ዝምታ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ጠበቀ፤ እሱ ፊቱን ሲያብስ አበሱ፤ ከበሮው ተመታ። አንድ ሽማግሌ «እንዲህ ረጋ ብሎ የሚመርቅ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!» ሲሉ ይሰማል። እናቴ በኩራት አየችኝ። ሙሽራዋ ግን ከበሮው ከተመታ በኋላም እጆቿን እንደዘረጋች ነበረች።

በዚያው ቀን እህቴ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«አባዬ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ስልኩን ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች። አባቴ ከሶፋው ላይ ማን እንደደወለ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ታዲያ እኔን ለምን…» አለና ቆመ።

ጠበቅሁት።