ሲልቫና ባዳቾ ማን ናት?

ሶዶ ውስጥ የሳሚን እናት የማያውቅ የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ገበያ የምትሸጠውን ዳጣ የቀመሰ ሁሉ ያውቃታል። ስሟን ግን ሰፈርተኛው ቀርቶ አጥር የምጋራት እኔ እንኳ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር፤ ጠይቄያትም አላውቅ። እኛ ዘንድ ሴት ስም ያላት እስክትወልድ ድረስ ነው። ከወለደች በኋላ የበኩር ልጇ እናት ናት፣ በቃ። እኔም የሣራ እናት ነኝ፤ ቅር ብሎኝም አያውቅ።

እሷን ግን ቅር ይላት ነበር። እናቷ ምጥ ይዟት ወደ ዱቦ ሚሲዮን ሆስፒታል በእግሯ ስትሄድ መንገድ ላይ ጫካ መሐል ደረሰባትና እዚያው ተገላገለች። ክርስትና ስትነሣ የሚሲዮኑ አሮጊት ሲስተር ሲልቫና አሏት። በላቲን ሲልቫ ጫካ ነው፤ ሲልቫና ደግሞ የጫካዋ እንደማለት ነው። በወላይታ ምድር እንዲህ የምትባል ሌላ ሴት የለችም ትላለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። እኔ ጨርቅ ልሸጥ ተበላና ቦምቤ ከተማ ድረስ ገበያ ለገበያ ስንት ዓመት ስዞር አንድም አልገጠመችኝም።

ትዳሯ ከጴንጤ ቤት ሆነ። ባሏ ሳሚን የአራት ዓመት ልጅ አድርጎ ትቶባት ሞተ። ቃሪያና ዝንጅብል ስትወቅጥ እጇ እየተቃጠለ ልጇን አስተማረች። አሁን ቢሮ አለው፤ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ከልጇ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚስቱ ህብረት ስታረግዝ፣ "ሴት ከሆነች ስሜን ስጧት። እኔን ማንም አልጠራኝ፣ እሷን ይጥሯት" አለችው።

"እሺ እማ፣ ምን ችግር አለው" አላት።

የዚያን ዕለት በአጥሩ በኩል ጠርታ ነገረችኝ። ስሟን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሴት ተወለደች። ህብረት ግን ሌላ ሐሳብ ይዛ ጠበቀቻት። "እማማ፣ ይሄ ስም መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም እኮ። ጫካ ደግሞ ድሮ ጣዖት የሚመለክበት ነው።" አማቷ አልተከራከረቻትም። መጽሐፍ ቅዱሷን አመጣችና የተሰሎንቄን መልእክት የመጀመሪያ ቁጥር ለሳሚ አስነበበችው። ጳውሎስና ስልዋኖስ ይላል። "ያው የእኔ ስም ነው፣ የወንዱ" አለችው። ሳሚ አነበበ፣ ሚስቱን አየ፣ "እስቲ እንጸልይበት" አለ። እኛ ሰፈር "እንጸልይበት" ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ አይሆንም ማለት ነው።

ሕፃኗን ሊያስባርኩ ቤተ ክርስቲያን ያቀረቧት ዕለት አያቷ አዲስ ነጠላ ለብሳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምስኪን፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተስፋ አልቆረጠችም። ፓስተሩ የልጅቷን ስም ሲጠይቅ ሳሚ "ቤቴል" አለ። ጉባኤው አሜን አለ። እኔም አልኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ወዲህ የሳሚ እናት ሲሏት አትመልስም። ገበያ ላይ ደንበኛ ይጠራታል፣ ዝም። የቤቴል አያት ያሏት እንደሆነማ ዞራም አታይ። እኔም በአጥሩ በኩል የሳሚ እናት እያልኩ እጣራለሁ፣ ዝም። ስሟን እያወቅሁ አፌ እንቢ አለኝ። ሰዉም ደነቆረች ብሎ ፈረደ።

ሳሚ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ኮሪደሩ ሰው በሰው ነው፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። አጠገቧ ተቀምጦ "እማ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" ቢላት፣ ደግሞ ቢላት፣ ግድግዳውን ታያለች። አንዲት ነርስ ከወዲያኛው ጫፍ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ ካርዱን አነበበች።

"ሲልቫና ባዳቾ።"

"አቤት" ብላ ተነሣች።

ከአፏ የወጣው የልጅ ድምፅ ነበር። ሳሚ እኔን አየኝ፤ ሊያለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። "አየሽ፣ ስትፈልግ ትሰማለች" አለኝ። በማግስቱ ለሰፈሩ አወራው፤ ሰፈሩም አብሮት ሳቀ።

ሐኪሙ ጆሮዋ ደህና ነው አለ። እኛም እስከ ዛሬ የሳሚ እናት እንላታለን፤ እሷም እስከ ዛሬ አትመልስልንም።