ምስማሩ ላይ የቀረው ቁልፍ

የሠፈሩ ሰው መካኒኩን «ሳንባ» ይለዋል። ሌላው መካኒክ ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወራ እሱ የሚያወራው ስለ ትንፋሹ ነው። አሮጌ የገጠር መኪና አምጥተው «ትልቅ ሞተር ግጠምልኝ» ሲሉት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየት በኩል ሊተነፍስ ነው?» ብሎ ነው። ትልቅ ሞተር ብዙ አየር ይስባል፤ የድሮው ማጣሪያ ያንቀዋል። ማጣሪያው ጎማ አጠገብ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ የመንገዱን አቧራም የወንዙን ውሃም ይጠጣል። ይህን ለማስረዳት ሰውን ምሳውን እስኪረሳ ድረስ ይዞ ያቆማል። ነዝናዛ መሆኑን ራሱም አይክድም።

አንድ ደንብ አለው። የአየር ቧንቧ በፈታ ቁጥር ብሎን ወይም አሸዋ እንዳይገባበት አፉን በቀይ ጨርቅ ይወትፈዋል። የጨርቁ ቦታ በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ነው። ጨርቁ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ በምትኩ የመኪናው ቁልፍ ይሰቀላል፤ ጨርቁ ወጥቶ ምስማሩ ላይ ካልተመለሰ ቁልፉ አይነሳም። ለዚህ ሲል ከደንበኛው ሁለቱንም ቁልፎች ይቀበላል። ትርፉን ቁልፍ አልሰጥም ያለ መኪናውን ይዞ ይሂድ፤ በዚህ ቀልድ አያውቅም።

ከታላቅ ወንድሙ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ተቀበለ። ትርፉን ሊጠይቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እጁን ይዞ ጋራዥ ያስገባው ይኸው ወንድሙ ነው። እሱን «ሌላውንም አምጣ» ማለት «አላምንህም» ማለት መሰለው። ይሉኝታ ያዘው።

ወንድምየው ደግሞ ቶሎ ግንፍል የሚል ሰው ነው። እናታቸውን ተራራው ላይ ወዳለው ቤታቸው ሊወስድ ሲመጣ፣ አዲሱ የአየር ቧንቧ በመስታወቱ ጎን እስከ ጣሪያው ወጥቶ አየና ደሙ ፈላ።

«መኪናዬን ዝሆን አደረግከው እኮ!»

«ጋሼ፣ ወንዙ የሞላ ቀን ታመሰግነኛለህ።»

«እማዬን ላደርስ ነው የመጣሁት፤ ሰርከስ ልከፍት አይደለም። አልቋል አላለቀም?»

«አንድ ማጥበቂያ ነው የቀረው። ገዝቼ መጣሁ።»

ቧንቧውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ላስቲክ ለልክ ብሎ በተወተፈው ጨርቅ ላይ ሰክቶት ነበር። ለሚያየው ሰው ሥራው ያለቀለት ይመስላል። መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ባለሱቁ ስስ የቆርቆሮ ማጥበቂያ ሲሰጠው «ይሄማ አንድ ጉድጓድ አይችልም። እሱ ከላላ አቧራው በማጣሪያው ሳያልፍ ገብቶ ሞተሩን ይበላዋል» እያለ ወፍራሙን እስኪያወጣለት ተከራከረ። ሲመለስ መኪናዋ የለችም።

ምስማሩን አየ። ቁልፉ እንደተሰቀለ ነው፤ ወንድሙ በትርፉ ቁልፍ አስነስቶ ሄዷል።

ቁልፉ እዚህ ካለ ጨርቁ ሞተሩ ጉሮሮ ውስጥ ነው። ሜዳ ላይ ሞተሩ እያቃሰተም ቢሆን ይሄዳል። አቀበት ላይ ነዳጅ ሲረገጥለት ግን ጨርቁን ይስባል፣ ይታነቃል፣ ይጠፋል፤ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። የተራራው መንገድ ዳር ገደል ነው። እናቱ የሚቀመጡት በገደሉ በኩል ነው።

ደወለ። አይነሳም፤ ወንድሙ ሲናደድ ስልክ አያነሳም። ጨርቄን ማቄን ሳይል የጎረቤቱን በያጅ ሞተር ሳይክል አስነስቶ ተፈተለከ።

መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲረግም ሄደ። «ጋሼ፣ ትርፉንም ስጠኝ» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ለባዕድ የማያፍር ምላሱ ለወንድሙ ለምን ተሳሰረ? ወንዙ ጋ ሲደርስ የመኪናዋ እርጥብ የጎማ ፈለግ ወደ አቀበቱ ወጥቷል። ከመጀመሪያው ጥምዝ በላይ ጥቁር ጭስ ተንጠልጥሏል። አየር ያጣ ሞተር ጭስ እንደዚያ ነው። «እማዬ!» ብሎ ጮኸ፤ ማን ሊሰማው!

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ አገኛቸው። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራትታ የኋላ ጎማዋ ከገደሉ ጠርዝ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል። ወንድሙ በሁለት እግሩ ፍሬኑን ረግጦ መሪውን እንዳቀፈ ቀርቷል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እናቱ ወርደው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ እያንከባለሉ ነው።

«ቆመህ ታየኛለህ? ድንጋይ አምጣ!» አሉት።

አራቱንም ጎማ በድንጋይ ካስያዙ በኋላም ወንድምየው እግሩን ለማንሳት ፈራ። ሳንባ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ትከሻውን ያዘውና «ጋሼ፣ ይዟል። ልቀቀው» አለው። ወንድሙ ቀስ ብሎ ለቀቀ። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። ወርዶ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ሳንባ ኮፈኑን ከፍቶ ላስቲኩን ነቀለ። ግማሹ የተዋጠውን ቀይ ጨርቅ ጎትቶ አወጣው።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ትርፉን ቁልፍ ልጠይቅህ አፍሬ ነው።»

እናታቸው አፈር የጠጣ እጃቸውን እያራገፉ «አንዱ አፍሮ፣ አንዱ ኮርቶ፣ እኔን ገደል ልትከቱኝ!» አሉና አለቀሱ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ያ ልቅሶ ከገደሉ ይልቅ አስደነገጣቸው።

ሳንባ ላስቲኩን አጽድቶ በወፍራሙ ማጥበቂያ አሰረው። ሞተሩ ሲነሳ ጭስ አልነበረም። መኪናዋን እስከ ቤት የነዳው እሱ ነው።

ዛሬም መኪናዋ የማጣሪያዋን አቧራ ለማስነፋት ትመጣለች። ወንድምየው ገና ሳይወርድ ሁለቱንም ቁልፎች በመስኮት ያወጣና «እንካ፣ ሳትጠይቀኝ» ይላል። ሳንባም አያፍርም፤ ፊት ለፊቱ ይቆጥራቸዋል።