የአባቴ አሥራ አንድ ጠመንጃዎች

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ነጋዴ ወንድሜ የላከልኝን ጥቅል ካምፓላ፣ ሙየንጋ ቤቴ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፤ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ገና ስገልጠው የጠመንጃ ዘይት ሽታ ፊቴን መታኝ። አባቴ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ሽታው ግን የእጁ ሽታ ነበር። ወንድሜ የድሮውን ቤታችንን ሲያስለቅቁት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያገኘው ወፍራም ደብተር ነው። ወዲያው አልገለጥኩትም፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳሸተው ቆየሁ።

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። የሚያኖረን ሰዓት ይሁን እንጂ ፍቅሩ አሮጌ የጦር ጠመንጃ ነበር። የገጠር ሰዎች ዝገት የበላውን ውጅግራና ምንሽር በጆንያ ጠቅልለው ያመጡለታል፣ እሱ ግን ይተኩስ እንደሆነ እንኳን አይጠይቅም፤ ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ማነጣጠሪያው ላይ ነው። ያኔ የጠመንጃ ፋብሪካዎች ሩቁን ዒላማ ለማቅረብ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም፤ አንዱ እንደ መሰላል ተነሥቶ የሚቆም፣ አንዱ እንደ ሰዓት በጥርስ የሚዞር፣ አንዱ ደግሞ ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ክብ መስታወት፣ ከኋላው የመርፌ ዓይን የምታክል ሽንቁር ያለችው። አብዛኞቹ ተሞክረው የተተዉ ናቸው፣ አባቴም የሚወዳቸው ስለተተዉ ነበር። «ሰው እንቅልፉን ያጣበት ነገር እንዴት ይጣላል?» ይላል። አሥራ አንድ ሲደርሱ አልጋ ሥር መጥረጊያ ማስገባት ያቃታት እናቴ፣ «እኔስ ከነዚህ ውስጥ ስንተኛ ነኝ?» ብላ ጠየቀችው፤ «አሥራ ሁለተኛዬ» ብሎ ትራስ ተወረወረበት።

አንድ ቀን ቤታችን ተፈተሸ። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ አከማችቷል ተባለ፤ አይተኩሱም ብሎ የሚያስረዳ ቢኖር እንኳ የሚሰማ አልነበረም። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ከትምህርት ቤት መልስ አባቴ ሱቅ ቁጭ ብያለሁ። ሰው ሮጦ መጥቶ ነገረውና በዚያው እጄን ይዞ ወደ ሞያሌ መንገድ ወጣ። እናቴ የአሥራ አምስት ቀን አራስ ስለነበረች ቀረች። ከአሥራ አንዱ ጠመንጃ ከእኛ ጋር የወጣው፣ ለማጽዳት ፈትቶ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው ባለመስታወቱ ማነጣጠሪያ ብቻ ነው።

ኬንያን አቋርጠን ካምፓላ ገባን፣ ሜንጎ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየን። አባቴ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ሰዓት ይጠግናል፣ እኔ ትምህርት ቤት ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በባቄላ እየበላሁ በአንድ ዓመት እንግሊዝኛውንም ሉጋንዳውንም አቀላጠፍኩት። እሱ ከሁለቱም የለበትም፤ «ምላሴ አንቺ ነሽ» ይለኝ ነበር፣ እኔም በዚህ የምኮራው ኩራት ልክ አልነበረውም። ማቶኬ ከሚሉት የሚቀቀል ሙዝ ሳጥን ላይ ረዥም ጣውላ ነቅሎ መስታወቱን ከፊት ሽንቁሩን ከኋላ ገጠመበት፤ ጠመንጃ የሌለው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ሆነ ማለት ነው። እሑድ እሑድ በር ላይ ተንበርክከን ማዶ ያለውን የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲን ኮረብታ እናይበታለን። እሱ የግቢውን ሰዓት አነባለሁ ይላል፣ እኔ ዛፉን ከሕንፃው መለየት አቅቶኝ «አዎ፣ አየሁት» እለዋለሁ።

ተስፋችን ሁሉ ስደተኛን ወደ ሦስተኛ አገር የሚወስደው ፕሮሰስ ላይ ነበር። ካለቀ እናቴና ሲያድግ ያላየሁት ወንድሜ ተጨምረው አራታችንም ሌላ አገር እንገናኛለን። መሣሪያ የሚል ቃል የገባበት ፋይል አይንቀሳቀስም ብለው ቀድመውን የመጡት ሐበሾች ስለመከሩት፣ አባቴ ስለ ጠመንጃዎቹ ትንፍሽ አላለም፤ ይህን ግን ለእኔ የነገረኝ የለም። የኢንተርቪው ቀን አስተርጓሚው ቀረና «ልጅህ ትሞክር» ተባለ። ጠያቂዋ ሴትዮ አገርህ ሥራህ ምን ነበር ስትለው «ሰዓት ሠሪ ነበርኩ በያት» አለኝ። አልኳት። ግን ለአባቴ አነሰብኝ። እንደዚያ ላለ ሰው ሰዓት ሠሪ ብቻ ምን ማለት ነው? ከራሴ ጨምሬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ቤታችን ውስጥ አሥራ አንድ የጦር ጠመንጃ እንደነበረውና ሁሉንም ራሱ እንደሰበሰበ፣ «ኢሌቨን ራይፍልስ» እያልኩ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችን፣ ከዚያ አጎንብሳ ረዥም ጻፈች። ያደነቀችን መስሎኝ ነበር።

ስንወጣ አባቴ ደጅ ካለው ልጅ ሮሌክስ ገዛልኝ፤ ያንን እንቁላል በቻፓቲ የተጠቀለለውን፣ ለወትሮው በአንድ እንቁላል የሚያዘውን፣ ያን ቀን በሁለት አዘዘልኝ። «ጎበዝ እማምዬ፣ አሳምረሽ ተረጎምሽ» አለኝ።

ፋይሉ ቆመ። እንደገና ተጠርቶ በሌላ አስተርጓሚ ስለ ጠመንጃዎቹ ሲጠየቅ ዋለ፤ ሐበሾቹም ማን ጠቆመበት ብለው እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። «ተዉት፣ የሆነው ሆኗል» ነበር የአባቴ መልስ። እኔ ጥግ ተቀምጬ ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ። እናቴ በየእሑዱ በስልክ «መቼ ነው?» ትለዋለች፣ «ደርሷል» ይላታል፣ ስልኩን ሲዘጋ ለረዥም ጊዜ እጁን ከላዩ አያነሣም። ሰባት ዓመት እንዲህ ደርሷል ሲላት እናቴ ሞተች። ለቅሶው ሲበተን ጣውላውን ከግድግዳው አውርዶ መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል አየሁትና ያን ቀን የተናገርኩት እኔ ነኝ ብዬ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ውኃ ልጠጣ ነው ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ሳልነግረው ቀበርኩት። ሳያውቅብኝ ሞተ ብዬም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ እጽናና ነበር።

ትናንት ደብተሩን ገለጥኩት። አሥራ አንዱም አሉ፣ በእርሳስ፣ እያንዳንዱ ብሎን ሳይቀር ተሥለዋል። ከሥዕሉ በታች ከውጭ አገር ካታሎግ የገለበጠው እንግሊዝኛ በዚያ ልቅም ባለ ጽሕፈቱ ሰፍሯል፣ ከጎኑም ትርጉሙ በአማርኛ። በየገጹ አናት ቁጥራቸው በፊደል ተጽፏል፤ ራይፍል ዋን፣ ራይፍል ቱ፣ እስከ መጨረሻው ራይፍል ኢሌቨን ድረስ። ከዓለም እንግሊዝኛ ሁሉ አባቴ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ ፊቱ ቆሜ የተናገርኩት ይህንኑ ነው።

ሰምቶኛል። ሰምቶኝ ነው ሮሌክሱን በሁለት እንቁላል ያዘዘልኝ።