በንጉሥ አምላክ የቆመች ኳስ

ዋኘው ጎንደር አራዳ ውስጥ በአንድ ሱቅ በራፍ ላይ የስፌት ማኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ለአራዳ ቡድን በረኛ የሚሆን ሰው ነበር። ቁመቱ አጭር ነው፤ እጁ ግን ፈጣን።

ክረምት ሲገባ የጎንደር ሜዳ ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ጣሊያን ጥሎት በሄደው ትልቅ መጋዘን ውስጥ፣ አምስት ለአምስት ሆኖ መጫወት ተጀመረ። ግቡ ግድግዳው ላይ በኖራ የተሠመረ ነው። ኳስ ግድግዳ ነክታ ብትመለስ ጨዋታው አይቆምም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ የዳኛውን ፊሽካ የሚሰማ የለም። አራዳ፣ አዘዞ፣ ፀዳና ቆላ ድባ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ተጋጠሙ።

የዋኘው ልብ ግን ከኳሱ ይልቅ ቆላ ድባ ነበር። የገበሬውን የአያ አላምረውን ልጅ ታየችን ለማግባት ሽማግሌ ልኳል። አባትዬው፣ “ጠባዩን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም። ክረምቱ ይውጣ” ብለው መልሰዋቸዋል። ጠባዩን የሚነግራቸውም ሩቅ አልነበረም፤ የቆላ ድባው አጥቂ እንኳየሁ የታየች ታላቅ ወንድም ነው።

ፍልሰታ ተፈትቶ የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። ዋንጫው በአራዳና በቆላ ድባ መካከል ነው፤ አራዳ እኩል ከወጣ ይበቃዋል። ወደ ቆላ ድባ የሚወስደው የደንቢያ መንገድ በክረምት ማኪና ስለማያሳልፍ የቆላ ድባ ልጆች ቅዳሜ በእግራቸው መጥተው አዘዞ ከዘመድ ቤት አድረዋል። አያ አላምረውም በበቅሎ አብረው መጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከግድግዳው ጥግ ቆሙ።

“አማች! ዛሬ ስፌትህን ነው የምተረትረው!” አለ እንኳየሁ ገና ሲገባ።

“ገና መች ተዛመድን? እስከ ማታ ጠላትህ ነኝ” አለው ዋኘው።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት ሆኖ ሊያልቅ ሲል፣ እንኳየሁ የመጨረሻውን ተከላካይ አልፎ ከዋኘው ጋር ብቻ ለብቻ ተፋጠጠ። እግሩን ወደ ኋላ ሲያነሣ የዋኘው አፍ ከእጁ ቀደመ።

“በንጉሥ አምላክ!”

እንኳየሁ ደርቆ ቀረ። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት አይነቃነቅም፤ ከልጅነቱ የሚያውቀው ይህን ነው። ኳሷ ብቻዋን ተንከባልላ ዋኘው እግር ሥር ቆመች፤ አነሣት።

መጋዘኑ ተናወጠ። የአራዳው አምበል የሻው፣ “ማን ቁም አለው? ቀጥሉ!” ይላል። የቆላ ድባ ልጆች፣ “ንጉሥ ተጠርቶ ሊራመድ ኖሯል?” ይላሉ። ዳኛው፣ መምህር ወልደ ገብርኤል፣ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ግራ ተጋባ። “በኳስ ሕግ እንዲህ ያለ ነገር አላነበብሁም” አለ።

አያ አላምረው ቀስ ብለው ወደ መሐል ገቡ።

“በኳስ ሕግ ባይኖር ባገር ሕግ አለ። በንጉሥ አምላክ ብሎ ያቆመ ሰው በደሉን ለዳኛ ይናገራል። ልጄ ምን በደለህ?”

የሻው ዋኘው ጆሮ ሥር ገባና፣ “እግሬን ረገጠኝ በል! ማን አየ?” አለው።

ዋኘው ኳሷን አቀፋት። ረገጠኝ ቢል ዋንጫው የአራዳ ነው። በከንቱ ነው ቢል ደግሞ፣ ለጨዋታ ብሎ ንጉሥ የሚጠራ ሰው መሆኑን በገዛ አፉ ለታየች አባት መመስከሩ ነው።

“አልበደለኝም፣ አያ” አለ በመጨረሻ። “እንዳያገባብኝ ፈርቼ ነው። ኳሷ ከነበረችበት ትቀመጥና ይምታ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ አላምረው ግን አልሳቁም፤ ወደ ጥጋቸው ተመለሱ። ዳኛውም፣ “በረኛው ራሱ ካለ ይሁን” ብሎ ኳሷን አስቀመጠ።

እንኳየሁ መታ። ዋኘው ባለ በሌለ ኃይሉ ተወረወረ፤ ኳሷ አውራ ጣቱን ወደ ኋላ ቆልምማ ከኖራው መስመር ውስጥ ግድግዳውን መታች። ገባ! ፊሽካውም ወዲያው ተነፋ።

“ለሚስት ብሎ ሸጠን!” አለ የሻው።

ዋኘው ያበጠውን ጣቱን አንሥቶ አሳየው። “ሽያጭ እንዲህ ያሳብጣል?”

ያን ጊዜ አያ አላምረው መጥተው እጁን ያዙት፤ ገልበጥ አድርገው አዩት።

“ምነው ጎበዝ፣ በዚህ እጅ ነው እምትሰፋ? ና፣ ከኛ ዘንድ ሸጋ ወጌሻ አለ።”

በማግሥቱ ዋኘው የበቅሎዋን ኮቴ ተከትሎ ጭቃውን እያቦካ ቆላ ድባ ገባ። ወጌሻው ከአያ አላምረው ቤት ተጠርቶ መጣ፤ ጣቱን በቅቤ አሽቶ ሲስበው እንኳየሁ ከኋላ አቅፎ ያዘው፤ ዋኘው ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ። አያ አላምረው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።

“ሽማግሌዎችህን መስቀል ሲያልፍ ላካቸው” አሉት።

“መልሱ ምን ሊሆን ነው፣ አያ?”

“መልሱን እኔ ከነገርሁህማ ሽማግሌው ምን ሊሠራ ይመጣል?”

ታየች ለብ ያለ ውኃ ይዛ ገብታ ነበር። “እሺ በሉት አባየ፣ ሰውየው ባንድ ቀን ሁለት ሕመም አይችልም” አለች።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። የአራዳ ልጆችም ሁሉ መጡ፤ የሻው ግን እስኪጠግብ ድረስ ሙሽራውን አላናገረውም።