ኮምፒዩተሩን ማን ቀሰቀሰው?

ኮምፒዩተሩን አስተኝቼው ነው የወጣሁት። ለዚህ እምላለሁ። ጽሑፉን ሴቭ አድርጌ፣ ስሊፕ የሚለውን ተጭኜ፣ ስክሪኑ ጨልሞ ከታች ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር አይቼ፣ በሩን ቆልፌ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ እትዬ ቀድመውኝ ገብተዋል። ቦርሳቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ የበራው ስክሪን ፊት ቆመዋል። ስክሪኑ ላይ ጠዋት ስጽፈው የነበረው የፍቺ አቤቱታ ተዘርግቷል።

«ይሄን ለማን ስታሳዪ ነበር?» አሉኝ ዞር ሳይሉ።

«ለማንም። አስተኝቼው ነው የወጣሁት፣ እትዬ።»

«ታዲያ እኔ አበራሁት?»

ተቀምጬ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ እሳቸውም ነገሩን ተዉት። የተዉት መስሎኝ ነበር።

እትዬ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ናቸው። ከራጉኤል ብዙ በማይርቅ አሮጌ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ማመልከቻ፣ ውልና የክስ አቤቱታ ያጽፋሉ። በወጣትነታቸው ፍርድ ቤት ውስጥ የታይፕ ጸሐፊ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም እኔን ቀጠሩኝ፤ እሳቸው እየተናገሩ እኔ እጽፋለሁ። የመርካቶ ሰው ጉዳዩን ይዞ ያን ሁሉ ደረጃ የሚወጣው ለአማርኛቸው ማማር ብቻ አልነበረም። ከዚያች ክፍል ወሬ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። ሙግት ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች በየተራ መጥተው ሲያስጽፉ፣ አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቅ ሲሄድ አይቻለሁ። ቁልፉ ያለው በእኔና በእሳቸው እጅ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ግን የይለፍ ቃል እንዳላደርግ ከልክለውኛል። «አንቺ የቀረሽ ቀን እኔ ደጅ ልቀር ነው?» ይሉኝ ነበር።

ያ አቤቱታ የአንዲት ወጣት ሴት ነው። ባሏ እዚያው መርካቶ ጫማ በጅምላ የሚሸጥ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሰው ነው። ጠዋት ስትመጣ ከበሩ ትይዩ ያለውን ወንበር ትታ ጥግ ያለው ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ስታስጽፍ ድምፅዋ እየጠፋብኝ ደጋግሜ «ምን አልሽኝ?» እላት ነበር። ክንዷ ላይ ያለውን ሰንበር ስታሳየን እትዬ ራሳቸው ተነስተው በሩን ዘጉት። የጋብቻ ወረቀቷን ይዛ ተመልሳ ልትጨርስ ተስማምተን ሄደች።

በማግስቱ ከምሳ ስንመለስ ኮምፒዩተሩ አሁንም በርቷል። በሦስተኛው ቀንም። ያን ቀን ከእትዬ ጋር አብረን ነበር የገባነው፤ በሩን የከፈትኩት እኔ፣ ብርሃኑን መጀመሪያ ያዩት እሳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እትዬ ሲቆጡ ይሻለኛል።

ሰውየው የመጣው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሳያንኳኳ ገባ። ወፍራም አይደለም፣ ረጅምም አይደለም፤ ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁ የተረጋጋ ነው። ያ እርጋታው ነው ያስፈራኝ።

«ሚስቴ እዚህ መጥታ ነበር» አለ።

«ይቀመጡ፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ።

«አልቀመጥም። የፍቺ አቤቱታ አስጽፋለች። ወረቀቱን ስጡኝና ልሂድ።»

«እዚህ ብዙ ሰው ይመጣል። የአንዱን ጉዳይ ለሌላው አንሰጥም። የእርስዎን ጉዳይ እሷ መጥታ ብትጠይቀኝም አልሰጣትም።»

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት እጁን አሳርፎ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ኮምፒዩተሩ ተወዛወዘ። አቤቱታው ስክሪኑ ላይ ከሌሎች መስኮቶች ጀርባ ተከፍቶ ነበር፤ አንዲት ቁልፍ ብነካ ይወጣል። እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኋቸው።

«የምትጽፊው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም።

«ይሄ ጣት እንጀራሽ ነው አይደል? ተጠንቀቂለት» ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ እስከ መጨረሻው አዳመጥነው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «እዚህ መምጣቷን ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው። እሷ፣ እኔ፣ አንቺ። እሷ ራሷ ሄዳ አትነግረውም። እኔ አልነገርኩትም።»

እጃቸውን ዘረጉ፣ ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ከሥራ መባረሩን አይደለም የፈራሁት። የዚያችን ሴት ክንድ አይቼዋለሁ። ባሏ ካወቀ እቤት ምን እንደሚጠብቃት አውቃለሁ። ይህን በእሷ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ ተብዬ ነው የምወጣው። በበራ ስክሪን ምክንያት! ኮሌጅ አብራኝ የተማረች፣ አሁን ኮምፒዩተር የምትጠግን ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት መሳቅ ጀመረች፣ የድምፄን ሁኔታ ስትሰማ ግን ተወች።

«ራሱን በራሱ የሚቀሰቅስበት ምክንያት ብዙ ነው» አለችኝ። «አንዳንዱ አፕዴት ለማድረግ ሰዓት ጠብቆ ይነሳል። አንዳንዱ በኔትወርክ ይነሳል። አንድ በአንድ እየዘጋሽ ሞክሪው። ካልሆነ ደግሞ ራሱን ትጠይቂዋለሽ።»

«ምን ብዬ?»

«ማን ቀሰቀሰህ ብለሽ። የሚጻፍ ትእዛዝ አለው። መጨረሻ ላይ ያስነሳውን ዕቃ ስም አውጥቶ ይነግርሻል።»

በበነጋው እትዬ በሩን ከፍተው ጠበቁኝ። የምሠራውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከኋላዬ ቆመው አዩ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ። በሰዓት የሚነሳበትን ዘጋሁ። አስተኛሁት። እትዬ በራሳቸው ቁልፍ ቆልፈው ወጣን፣ ምሳ በላን ለማለት ያህል በላን፣ ተመለስን። በርቷል።

ከእኔ ውጭ የሚጠረጠር ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ቁልፉ በእኔ እጅ አልነበረም። ይህን ለእትዬ ለመናገር አፌን ስከፍት ቀድመውኝ «ሌላ ቁልፍ አስቀርጾ ለሰው መስጠት ይቻላል» አሉ።

ኮምፒዩተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ጓደኛዬ የላከችልኝን ጻፍኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው መለሰልኝ። እትዬ እንግሊዝኛውን በመነጽራቸው ስር ቀስ ብለው አነበቡት።

«ማውስ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ማውስ ነው።»

«ማውስ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው በእጅ ነው።»

ያን ጊዜ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ነፃ ያወጣኛል ብዬ የጠየቅሁት ነገር መሰከረብኝ። እትዬ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ነበር። «እስከ ወር መጨረሻ ሥሪ፣ ከዚያ...» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

«እትዬ» አልኩ። «ነገ ምሳ አንውጣ። በሩን ከውስጥ እንቆልፈውና ሁለታችንም ቁጭ ብለን እንየው። ማንም ሳይነካው ካልነቃ፣ የወሩን መጨረሻ አልጠብቅም፣ ነገውኑ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አሉ።

በማግስቱ እንዳልነው አደረግን። ኮምፒዩተሩን አስተኝቼ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። እትዬ ጎኔ ተቀመጡ። ሁለታችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ያችን የምትበራ የምትጠፋ መብራት እንመለከታለን። ውጭ መርካቶ እንደ ልማዱ ይጮኻል፤ የመኪና ጥሩንባ፣ ሸክም የያዙ ሰዎች «መንገድ! መንገድ!» ሲሉ፣ ከሩቅ የምን አለሽ ተራ ብረት ቅጥቀጣ። ክፍላችን ውስጥ ግን የእትዬ ትንፋሽ ይሰማኛል። ስክሪኑ ጨልሞ ሳየው፣ ያን ሁሉ ቀን ኮምፒዩተሩ እንዳይነሳብኝ ስጸልይ የሰነበትኩ ሰው፣ «ተነስ፣ ተነስ» እያልኩ እለምነዋለሁ።

አልተነሳም። እትዬ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ቦርሳዬን ዓይቼ ምን ምን ይዤ እንደምሄድ ማሰብ ጀመርኩ።

ከዚያ ከበታቻችን ድም! የሚል ነገር መጣ። የወለሉ ንዝረት በእግሬ በኩል ተሰማኝ። ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው መስተዋት ተንቀጫቀጨ። ስክሪኑ በራ።

«በስመ አብ!» ብለው እትዬ ተነሱ።

ወደ መስኮቱ ሄድን። ከታች አይሱዙ ቆሟል። ከበታቻችን ያለውን ክፍል በቅርቡ አንድ የጨርቅ አስመጪ መጋዘን አድርጎታል። ወዛደሮቹ ጥቅል ጨርቁን ከትከሻቸው ላይ ወለሉ ላይ ይወረውሩታል። ሰው ምሳ ሲወጣ መንገዱ ትንሽ ፋታ ስለሚያገኝ በዚያን ሰዓት ነው የሚያራግፉት። እኛ ስንኖር ኮምፒዩተሩ ሥራ ላይ ስለሚሆን አይተኛም፤ ሕንፃው ቢንቀጠቀጥም የመርካቶ ሕንፃ ነው ብለን ለምደነዋል።

«እንደገና አስተኚው» አሉ እትዬ።

አስተኛሁት። ጥቅል ወደቀ፣ በራ። አሁንም አስተኛሁት፣ አሁንም በራ። ከዚያ ማውሷን ገልብጬ፣ ሆዷን ወደ ላይ አድርጌ ጨርቅ አለበስኳት። ታች ድም አለ፣ ድም አለ። ስክሪኑ እንደጨለመ ቀረ። ማውሷ ለስላሳው መስተዋት ላይ ስለምትቀመጥ ትንሿን ንዝረት እንደ እጅ እየቆጠረች ነበር። ኮምፒዩተሩን የማንሳት ፈቃዷን ከሴቲንጉ ውስጥ አጠፋሁት። ሥራው ጥቂት ደቂቃም አልወሰደም። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እትዬ ውኃ ቀዱልኝ። ስጠጣ ቆይተው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ ኮምፒዩተሩን ነፃ አወጣው። ሰውየው እንዴት እንዳወቀ ግን አልነገረኝም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነበር። ቁልፉን አልመለሱልኝም፣ ሂጂም አላሉኝም። የሚቀጥሉትን ቀናት እንደዚያው ሠራን። የይለፍ ቃል አስገባሁ፤ ቃሉን ራሳቸው መረጡ፣ እኔም ደንበኛ በመጣ ቁጥር እንዳይጠረጥሩኝ ስልኬን አጥፍቼ ጠረጴዛው ላይ በፊታቸው አስቀምጥ ነበር። ሴትዮዋ አልመጣችም። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እሷ ትሆን ወይስ እሱ እያልኩ ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ይቆማል።

ስትመጣ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ድረስ ተሸፍና ነበር። ሻርፗን አላወረደችም፤ እኛም አውርጂ አላልናትም። የጋብቻ ወረቀቱን ከደረቷ ውስጥ አወጣች።

«እንጨርሰው» አለች።

እትዬ ወንበር ሳቡላት። «ከመጨረሳችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ባልሽ እንዴት አወቀ?»

ወደ ወለሉ አየች። «ልጄ ናት። ከእህቴ ጋር በስልክ ሳወራ ተኝታለች ብዬ ነበር፤ አልተኛችም። አባቷ ሲገባ እግሩ ላይ ተጠምጥማ ‹እማዬ ወረቀት አጽፋ ልትሄድ ነው፣ እንዳትሄድ በላት› ብላ ለመነችው። እኔን ያዳነችኝ መስሏት።»

«የእኛን ቤት ማን ነገረው?»

«ማንም። አቤቱታ የሚጽፉትን ሁሉ ዞሯል። በገባበት ሁሉ እርግጠኛ እንደሆነ መስሎ ‹እዚህ መጥታ ነበር› ነው የሚለው። አንዱ ደንግጦ ያወጣዋል ብሎ ነው። እናንተ ጋ አላገኘም።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ብቻችንን እስክንሆን ይጠብቃሉ ብዬ ነበር። አልጠበቁም።

«ይቺን ልጅ በድያታለሁ» አሉ ለሴትዮዋ፣ በእጃቸው እኔን እያመለከቱ። «አንቺን አሳልፋ የሰጠች መስሎኝ ቁልፍ ቀምቻታለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ስሚልኝ። በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የማስበው፤ ይልቅ ያን ሁሉ ቀን የዋጥኩት ንዴት ያን ጊዜ መጣ። «እሺ» ብቻ አልኩና ፋይሉን ከፈትኩ።

ያን ጠዋት ድምፅዋ አልጠፋብኝም። ጥርት አድርጋ አስጻፈችን። እትዬ ወንበራቸውን ወስደው በሩን ተደግፈው ተቀመጡ፤ የመጣ ቢመጣ መጀመሪያ እሳቸውን ይግፋ ብለው መሆኑ ገባኝ። ሁለት ጊዜ ኮቴ መጣ፣ ሁለት ጊዜ ሦስታችንም ዝም አልን፣ ኮቴው አለፈ። ፕሪንተሩ የመጨረሻዋን ገጽ ሲያወጣ የሚያሰማው ጩኸት እስከ ታች የሚሰማ መሰለኝ። ፈረመች። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ክንዷን ይዘው፣ በሸማ ተራ በኩል ታክሲ ድረስ ሸኟት። እኔ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ፤ እትዬ ሲወጡ በመለሱልኝ ቁልፍ በሩን ከውስጥ ቆልፌ እስኪመለሱ ድረስ ቆምኩ።

ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ወሰነ። ይህን የሰማነው ከወራት በኋላ፣ እሷው ልጇን ይዛ ስትመጣ ነው። እህቷ ጋ እየኖረች ሥራ ጀምራለች፤ የመጣችው ለማመስገን ነበር። ፊቷ አልተሸፈነም። ልጅቷ ትንሽ ናት፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። እናቷ ከእኔ ጋር ስታወራ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና እትዬ ጋ ሄደች።

«አባቴ እዚህ መጥቶ ነበር?» አለቻቸው።

እኔና እናቷ ወሬያችንን አቆምን። እትዬ ልጅቷን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«መጥቶ ነበር» አሏት። «ሄደ።»