ሀገር ስጠኝ

በየማለዳው «ለጠቅላላ እውቀትዎ» እያለ አንዳንድ ነገር የሚልክልኝ የቴሌግራም ቻናል አለ። ማን እንደሚጽፈው አላውቅም። የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የእንስሳት፣ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚልከው። ዛሬ እውነት ያለውን ነገ ያፈርሰዋል። ጠዋት ያመንኩትን ይዤ ቢሮ እገባና አንዱ «ኧረ ውሸት ነው» ሲለኝ ግራ ይገባኛል። ግራ መጋባት ደግሞ ለእኔ አዲስ አይደለም። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየኖርኩ እዚያ አንድም ሰንጋ በዓይኔ አላየሁም፤ ታክሲ የምሳፈረው ደግሞ ሜክሲኮ ነው።

ቻናሉን ያልተውኩት በአባዬ ምክንያት ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ተወልዶ ያረጀበት የካዛንቺስ ቤታችን ከነሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እኔ ጋ ገብቷል። መግባቱን ገባ እንጂ፣ ከመጣ ጀምሮ ስለዚያ ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «ናፈቀህ ወይ?» ስለው «ሻዩ ስኳር አንሶታል» ይለኛል። የድሮ ጎረቤቶቹ ሲደውሉ ስልኩን ለእኔ ያቀብለኛል። ሜክሲኮ ድረስ በእግር እንንሸራሸር ብዬ ብለምነው «ፓስፖርት የለኝም» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። እንዲህ ዝም እንዳለ ያመልጠኛል ብዬ እፈራ ነበር።

የሚያናግረኝ በእንቆቅልሽ ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ የጀመርነው ጨዋታ ነው፤ አሁን የቻናሉን ወሬ እንቆቅልሽ እያደረግኩ ቁርስ ላይ አቀርብለታለሁ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ሦስት ልብ ያለው ፍጥረት ማነው?»

«ሦስት? እኛ አንዱንም አልቻልነው።»

«በቃ ሀገር ስጠኝ።»

«ፓራጓይን።»

«ፓራጓይ ገብቼ ምን አጥቼ፤ ኦክቶፐስ ነው።»

እንደ ሌላው አባት ጎንደርን ወይም ጅማን ሰጥቶኝ አያውቅም። መምህር ነውና የሚሰጠኝ ካርታ ላይ በጣት ተፈልጎ የሚገኝ ሀገር ነው። ልጅ ሳለሁ አንዴ «ካዛንቺስን ስጠኝ» ብዬው፣ «ካዛንቺስ ሀገር አይደለም፣ ሰፈር ነው። ደግሞ የምንኖርበትን ሰጥተን የት ልንገባ ነው?» አለና ቡሩንዲን ሰጠኝ። ቡሩንዲን ምን እንደማደርጋት ጨንቆኝ ዋልኩ።

ሳይከራከር ግን ሀገር አይሰጥም። ቲማቲም ፍራፍሬ ነው ስለው «ታዲያ ጁስ ቤት ለምን አይጨመቅም?» ብሎ ግማሽ ቀን ሞገተኝ። ፌርማታ፣ ጎሚስታ፣ ማርሽ ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው ስለው ደግሞ «እዚህ ካረጁ በኋላ የማን ሊባሉ ነው?» አለኝ። ማናችን ልክ እንደሆንን እስከ ዛሬ አልለየልኝም፤ ብቻ እሱ ይናገር እንጂ ግድ አልነበረኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሻይ እየቀዳሁ ቻናሉን ከፈትኩ። አንብቤ ሳልጨርስ አፌ ቀደመኝ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ካዛንቺስ ስሟን ከየት አገኘች?»

ከተናገርኩት በኋላ ነው የደነገጥኩት። ስሟን ያነሳሁበት ሳያንስ፣ ይህን ደግሞ እሱ እንዴት ያጣዋል? ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያስረዳ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ «ካዛንቺስ የምትባል የጣሊያን ሴት ነበረች» ባሉ ቁጥር አባዬ ከወንበሩ ብድግ ይልና «ካዛ ማለት ቤት ነው፣ እትዬ! ኢንቺስ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያኖቹ ድርጅት አጭር መጠሪያ!» ሲል ሰፈር ይሰማው ነበር። እሳቸው «እሺ የኔ ጌታ» ብለው በማግስቱ ስለዚያችው ሴት ያወራሉ።

አባዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወደ መስኮቱ ዞሮ «አላውቀውም» አለኝ።

«አባዬ፣ ታውቀዋለህ እኮ።»

«አላውቀውም አልኩሽ። ሀገር ጠይቂኝ እንጂ፣ ደንቡ እንደዚያ አይደል?»

ረስቶት ይሆን? እየቀለደብኝ ነው? ወይስ ተቀይሞኝ? ሐኪም ጋ ልውሰደው እስከ ማለት ደረስኩ። ፊቱን ባየው ባየው ምንም አልነግርሽ አለኝ።

«እሺ፣ ሀገር ስጠኝ» አልኩት።

«ካዛንቺስን።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ሀገር አይደለም ብለኸኝ አልነበር?»

«እሱ ስንኖርበት ነው። ሰው ከወጣ በኋላ፣ ሀገርህ የት ነው ሲሉት ምን ይላል? ውሰጃት በቃ። በይ ጨርሺው።»

ሰጠኝ ልበል ወይስ ተስፋ ቆረጠ፣ አልገባኝም። ደንቡ ደንብ ነውና አንገቴን እንደደፋሁ «ካዛንቺስ ገብቼ ምን አጥቼ...» አልኩ። ከዚህ በኋላ መልሱን መናገር የእኔ ተራ ነበር።

አባዬ ቀደመኝ።

«ቤታችንን» አለ።